ለሰሊጥ ነጋዴ የትኛው ትንሽ ካሜራ ይበጃል?

በሸሕዲ መጋዘን የተከመረ ሁለት መቶ ኩንታል ሰሊጥ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ለተቀመጠ ገዢ በመጀመሪያ የሚታየው በፎቶግራፍ ነው። ደላላው አንድ እፍኝ ሰሊጥ በመዳፉ ይዞ በስልኩ ያነሳና ይልካል። ገዢው አይቶ «ቢጫ ነው» ይላል፤ ወይም «ይሁን» ይልና ቀብድ ይልካል። ሰሊጡ በእርግጥ ቢጫ ይሁን ወይስ ካሜራው አቢጭቶት ይሁን የሚታወቀው ግን ናሙናው በእጅ ሲገባ ነው። እስከዚያው ድረስ ዋጋ ተቆርጧል፤ መኪናም ተከራይቷል።

ቀደም ባለው ጊዜ በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ነጋዴ ራሱ ወደ ቆላው ወርዶ ጆንያውን በመውጊያ ወግቶ ያይ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልሉ በተነሳው ግጭትና ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ውስጥ በተቀሰቀሰው ጦርነት የተነሳ በጎንደርና በመተማ መካከል መመላለሱ እንደ ቀድሞው የቀለለ አልሆነም። በዚህም ምክንያት ፎቶግራፉ የተሸከመው ኃላፊነት ከብዷል። በመተማ፣ በቋራ ወይም በምዕራብ አርማጭሆ መሬት ይዞ ከተማ የሚኖር ባለሀብትም አረሙ መታረሙን፣ አጨዳው መጀመሩን፣ ሂላው መቆሙን የሚያየው ሥራ አስኪያጁ በሚልክለት ምስል ነው። ለአራሚና ለአጫጅ የሚከፈለውን ገንዘብ የሚለቀውም ይህንኑ አይቶ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። ለዚህ ሥራ፣ ከዚያም አልፎ ለቤትና ለሰርግ፣ አንድ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ መግዛት ያዋጣል ወይ? ካዋጣስ የትኛው?

ስልኩ አይበቃም ወይ?

ለብዙው ሰው ይበቃል፤ ይህን አስቀድሞ መናገሩ ከወጪ ያድናል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2010 ከአባሎቹ ፋብሪካዎች የወጡት ሌንሳቸው የማይነቀል ትናንሽ ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2023 ግን 2 ሚሊዮን እንኳ አልሞሉም። ገበያውን የበላው ስልኩ ነው፤ የበላውም ያለ ምክንያት አይደለም። መካከለኛ ዋጋ ያለው የዛሬ ስልክ ውስጥ የሚገኘው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ርካሽ ከሆነው ትንሽ ካሜራ ሴንሰር ጋር ይተካከላል፤ ብዙ ጊዜም ይበልጠዋል። ስለዚህ ርካሽ ካሜራ ገዝቶ ከስልክ የተሻለ ምስል የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን ይከስራል።

ካሜራው ለብቻው የሚያስፈልግበት ምክንያት ሌላ ነው። አንደኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የነጋዴው ስልክ ቦርሳው ሆኗል፤ የባንክ መተግበሪያውም፣ የደንበኞቹ ቁጥርም በዚያው ውስጥ ነው። ይህን ስልክ ለመጋዘን ጠባቂ ወይም ለማሳ ተቆጣጣሪ ሰጥቶ «ሂድና አንሳልኝ» ማለት የማይሆን ነገር ነው። ካሜራ ግን ይሰጣል። ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ የሚጠፋው ካሜራው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቆላው አየር ነው። እርሱ ዘለግ ያለ ስለሆነ ወደ ኋላ ይመጣል። ሦስተኛው ፍሬውን በቅርብ የማንሳት ችሎታ ነው፤ ብዙ ስልኮች ከሰሊጥ ፍሬ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲጠጉ ምስሉ ይደበዝዝባቸዋል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም የማይመለከተው ደላላ ስልኩን ይዞ ቢቀጥል ይሻለዋል።

ሜጋፒክስል የሚባለው ማታለያ

በመርካቶም ሆነ በኢንተርኔት ካሜራ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው የሜጋፒክስል ቁጥር ነው። 48፣ 64 እየተባለ ይጠራል። ስማቸው ያልታወቀ ርካሽ ካሜራዎች ይህን ቁጥር የሚያገኙት ሴንሰራቸው ያልቀረጸውን ነጥብ በስሌት ጨምረው ነው፤ ወተት ላይ ውኃ እንደመጨመር ያለ ነው። ብዙዎቹ ትኩረታቸውን እንኳ አያስተካክሉም፤ ሌንሳቸው አንድ ርቀት ላይ ተቆልፎ የተሠራ ነው።

ለሰሊጥ ሥራ ስንት ነጥብ ይበቃል? ሒሳቡ ቀላል ነው። የሰሊጥ ፍሬ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 12 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ የምስሉ ወርድ 4,000 ነጥብ ነው። ካሜራው ቀረብ ብሎ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ ቢያነሳ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 50 ነጥብ ይደርሰዋል፤ አንድ ፍሬ በ150 ነጥብ ተሥሎ ይወጣል ማለት ነው። ጥቁሩ ፍሬ፣ ጉድፉ፣ የተሰበረው ሁሉ ይለያል። ያው ካሜራ ርቆ 40 ሳንቲ ሜትር ቢያነሳ ግን ፍሬው 30 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፤ ነጭና ጥቁር ከመለየት የሚያልፍ ነገር አይታይም። ስለዚህ መቅረብ መቻሉ ከሜጋፒክስሉ ይልቃል።

ይህ ሁሉ ልፋት አላላኩ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ የምስሉን ረጅም ጎን ወደ 1,280 ነጥብ ገደማ ይቀንሰዋል። በ150 ነጥብ የነበረው ፍሬ ለገዢው ሲደርስ 50 አይሞላም። ምስሉን በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት መላክ ግን ሳይነካ ያደርሰዋል። ብዙ ደላላ ይህን ባለማወቁ በካሜራው ላይ ይፈርዳል።

ከሜጋፒክስል ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው የሴንሰሩ ስፋት ነው። በትናንሽ ካሜራዎች የተለመደው 6 በ4 ተኩል ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «አንድ ኢንች» የሚሉት ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የሶኒ አርኤክስ100 እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ የተወደደው ይህን ሴንሰር ኪስ በሚገባ አካል ውስጥ በማስገባቱ ነው። የካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 3ም (2019) በዚሁ መደብ ነው። የሪኮ ጂአር 3 (2019) እና የፉጂ ኤክስ100 ዘሮች ከዚያም የሰፋ ሴንሰር አላቸው፤ ነገር ግን ሌንሳቸው አያቀርብም፣ አያርቅም። ሰፊ ሴንሰር የሚጠቅመው ብርሃን ሲያንስ ነው፤ በማታ ሰርግ፣ ቆርቆሮ በለበሰ ጨለማ መጋዘን ውስጥ። በጠራራ ፀሐይ ማሳ ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም።

«ዙም» የተባለውም ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። በሌንሱ የሚያቀርበው እውነተኛ ነው፤ በዲጂታል የሚያቀርበው ያነሳውን ምስል ቆርጦ ማጉላት ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የቱ እንደሆነ ሳይጠይቁ መክፈል አይገባም።

40 ዲግሪ

የትንሽ ካሜራ ሁሉ መመሪያ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾቹ ላይ ማንም የማያነበው አንድ መስመር አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ» ነው። ካሜራው እንዲሠራ የታቀደው በዚህ ሙቀት መካከል ነው። የመተማ ቆላ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ እስከ 43 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ በጥላ ያለው ነው። በፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ካሜራማ ከዚህ በብዙ የበለጠ ይግላል። ሙቀት ካሜራውን ወዲያው ላይገድለው ይችላል፤ ባትሪውን ግን ቀስ በቀስ ያዳክመዋል፣ ያሳብጠዋልም። በመሆኑም ካሜራውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር ማኖር፣ ፎቶውንም ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ማንሳት ይመረጣል። በዚያ ሰዓት ብርሃኑም ለቀለም ይስማማል።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚከፋው ግን አቧራው ነው። የተለመደው ኪስ የሚገባ ካሜራ ሲከፈት ሌንሱ እንደ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል። በወጣና በገባ ቁጥር የመንገድ ትቢያ፣ የሰሊጥ ገለባ፣ የጥጥ ብናኝ አብሮ ይገባል። አንድ ቀን ሌንሱ በግማሽ መንገድ ይቆማል፤ ስክሪኑም የሌንስ ስሕተት መኖሩን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ጥገናው የካሜራውን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። ሶኒውም ካኖኑም የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት ሌንስ ነው። ሪኮው ደግሞ አቧራ ወደ ሴንሰሩ በማስገባት ይታማል። እነዚህ በአዲስ አበባ ቢሮ ወይም በሰርግ አዳራሽ ጥሩ ካሜራዎች ናቸው፤ ለኮኪትና ለዱባባ መንገድ ግን አልተሠሩም።

ለቆላው የሚስማማው ሌንሱ በአካሉ ውስጥ ተዘግቶ የሚንቀሳቀስ፣ በሮቹ በጎማ የታሸጉ ካሜራ ነው። ከዚህ ወገን በሰፊው የሚታወቀው ኦሊምፐስ የጀመረው የ«ተፍ» መስመር ነው። ቲጂ-6 የተባለው እ.ኤ.አ. በ2019፣ ቲጂ-7 ደግሞ በ2023 ኦኤም ሲስተም በሚለው አዲስ ስም ወጥቷል። 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፤ ሴንሰሩም ትንሹ ዓይነት ነው። በጨለማ መጋዘን ከአርኤክስ100 ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን አቧራ አያስገባም፣ ውኃ ውስጥ እስከ 15 ሜትር ይጠልቃል፣ ከ2 ሜትር ቢወድቅም እንዲተርፍ የተሠራ ነው። ሌንሱም ከፍሬው 1 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል። ለሰሊጥ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። የሙቀት ወሰኑ ግን እርሱም ያው 40 ዲግሪ ስለሆነ «ጠንካራ ነው» ተብሎ ፀሐይ ላይ አይተውም።

በአንድ ባትሪ ከ300 በላይ ፎቶ ያነሳል። ቲጂ-7ን ከስልክ በሚሞላው ዓይነት ገመድ መሙላት ስለሚቻል መብራት በጠፋ ጊዜ አንድ ባለ 10,000 ፓወር ባንክ ባትሪውን አምስት ጊዜ ያህል ይሞላል። በራሱ ልዩ ቻርጀር ብቻ የሚሞላ አሮጌ ካሜራ ለእርሻ ካምፕ አይመከርም።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጠላት ይመጣል። እርጥበት ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሰብስቦ ካሜራውን አብሯት በሚዘጋ ዕቃ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። አንዳንዱ በሩዝ ውስጥ ይቀብረዋል፤ የሩዝ ዱቄት ራሱ አቧራ ስለሆነ አይበጅም።

ነጩን ነጭ ማድረግ

በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ ከወለጋው ተለይቶ በራሱ መደብ ይጠራል፤ ገዢውም በቅድሚያ የሚያየው ንጣቱን ነው። ካሜራ ደግሞ በቀለም ላይ ይዋሻል። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሳ ሰሊጥ ወደ ሰማያዊ ያጋድላል፤ በአምፖል ብርሃን የተነሳው ይቢጫል፤ ቢጫ ግድግዳ አጠገብ የተነሳውም እንዲሁ። ካሜራው በራሱ ግምት ሊያርመው ይሞክራል፤ ምስሉን የሞላው ሰሊጥ ብቻ ሲሆን ግን ግምቱ ይስታል።

መፍትሔው ዋይት ባላንስ የሚባለውን፣ ማለትም የነጭ ሚዛኑን፣ በእጅ ማስተካከል ነው። በካሜራው ምርጫዎች ውስጥ ገብቶ ሰሊጡ በሚነሳበት ብርሃን ነጭ ወረቀት በማሳየት «ነጭ ማለት ይህ ነው» ብሎ መንገር ይቻላል። ይህን የማይፈቅድ ካሜራ ለሰሊጥ ነጋዴ ባይገዛ ይሻላል። ከዚያም በላይ አንድ ልማድ አለ፤ ከእፍኙ ሰሊጥ አጠገብ ቁራጭ ነጭ ወረቀት አኑሮ አብሮ ማንሳት። ወረቀቱ በምስሉ ላይ ቢጫ ከመሰለ ቢጫው የሰሊጡ እንዳልሆነ ገዢው ወዲያው ያውቃል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ሰሊጡ ከቢጫ ግን ሻጩ መከራከሪያ የለውም። ፍላሽም በቅርብ ሲበራ ፍሬውን ያለ ልክ ስለሚያነጣው መጥፋት አለበት። አንዳንድ ሻጭ ለዚሁ ሲል ያበራዋል፤ ገዢው ከፍሬው ጀርባ የሚወድቀውን ስለታም ጥቁር ጥላ አይቶ ሊያውቅ ይችላል።

ይህም ሆኖ ፎቶግራፍ የናሙናን ቦታ አይወስድም። የምርት ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዘረጋው ደረጃ የሚወጣው ናሙና ተወስዶ፣ ባዕድ ነገሩ ተለይቶና ተመዝኖ፣ እርጥበቱም ተለክቶ ነው። እርጥበትን የሚያሳይ ካሜራ የለም፤ ሽታንም እንዲሁ። ከጆንያው መሐል ያለው ከአፉ ጋር አንድ መሆኑንም ምስሉ አይናገርም።

ሰዓቱን ማን ያረጋግጣል?

ፎቶው መቼ እንደተነሳ የሚነግረው ካሜራው በምስሉ ፋይል ውስጥ የሚመዘግበው ቀንና ሰዓት ነው። ባለሀብቱ «የዛሬ ማሳ» ተብሎ የተላከለት ምስል ያለፈው ሳምንት መሆኑን የሚያጣራው በዚህ ነው። ካሜራ የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀንና በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ማሰብ ያስፈልጋል። ስልክ ደግሞ ድንበር ላይ ሌላ ጣጣ አለበት። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ ሰዓቷን ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጋለች። ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚወስድ ስልክ መተማ ዮሐንስ ላይ ሆኖ የገላባትን ኔትወርክ ቢይዝ በአንድ ሰዓት ሊያፈገፍግ ይችላል። የካሜራ ሰዓት በእጅ የሚሞላ በመሆኑ እንደተሞላ ይቆያል። እርግጥ በእጅ የተሞላ በእጅ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሰዓቱን የሚሞላው ባለቤቱ እንጂ ተቆጣጣሪው ባይሆን ይመረጣል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንደታየው ምስል ሁልጊዜ በአየር አይሄድም። የካሜራ ሜሞሪ ካርድ ግን ተነቅሎ በታመነ ሹፌር እጅ ጎንደር ይደርሳል።

በድንበሩ ኬላ፣ በጉምሩክ ግቢና የጸጥታ ኃይል ባለበት ስፍራ ካሜራ ማውጣት ሰውየውን ከነካሜራው ሊያስይዘው ስለሚችል ጭነቱን መጋዘን ሳሉ አንስቶ መጨረስ ነው።

ዋጋውና አሮጌው

ቲጂ-7 ሲወጣ አሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ 550 ዶላር ነበር። የካኖኑ ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 በ2019 ሲወጣ 749፣ የፉጂው ኤክስ100 ስድስተኛ ትውልድ በ2024 ሲወጣ 1,599 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲመነዘር ባለ 550 ዶላሩ 31,000 ብር ያህል ይወጣ ነበር። የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንዱን ዶላር በ120 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ 66,000 ብር ይሆናል። ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የሻጩ ትርፍ አልተጨመረም። ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጣው ረከስ ይላል፤ ዋስትና ግን የለውም።

ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ አሮጌው ያዘነብላል፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ቲጂ-6 ለሰሊጥ ሥራ ከቲጂ-7 እምብዛም አያንስም። አሮጌ ካሜራ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት አሥር ጊዜ ያህል ይክፈተው፣ ይዝጋው፤ ሌንሱ የሚያንኮራኩር ድምፅ ካሰማ ይተወው። ከዚያ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንስቶ ስክሪኑ ላይ ያጉላው፤ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ካለ አቧራው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ባትሪውን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኙት ከተንገዳገደ አብጧል። ውኃ አያስገባም በተባለው ካሜራ ላይ ደግሞ የባትሪው በር ጎማ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ ይታይ፤ ጎማው ከተሰነጠቀ የካሜራው ጥንካሬ በስም የቀረ ነው።

ካርዱንም በሚመለከት 256 ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ ነው። መጠኑን ይዋሻል፤ እውነተኛው ልክ ሲሞላ በኋላ የሚነሱት ፎቶዎች ይጠፋሉ። የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ አንዱ 5 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ ባለ 16 ጊጋባይት ካርድ 3,000 ፎቶ ይይዛል፤ ለአንድ የአጨዳ ወቅት ከበቂ በላይ ነው። አዲስ ካርድ የገዛ ሰው መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በፋይል እስከ አፉ ሞልቶ፣ መልሶም የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ከፍቶ ቢያይ፣ ሐሰተኛው እዚያው ሻጩ ደጃፍ ሳለ ይታወቃል።